የማይረጋው ሞተርና የአቶ ይመር ራት

ልናገር? ተናገር በሉኝ። እየተቀጣጠለ የሚሄድ ነገር ነው። ሲረዝም አብራችሁኝ በሉ፤ ሲፈታ ግን ለእኔ ተዉልኝ።

አቶ ይመር የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ቤታቸው ኮምቦልቻ ነው። አንጀታቸውን ታመው ደሴ ወጡ፣ ኦፕራሲዮን ተደረጉ፣ ከሆስፒታል ሲወጡም ሳላይሽ ሰፈር ልጃቸው ሉባባ ቤት ሆነው አገገሙ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ከድጃ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደሴ መጥተው ሊጠይቋቸው አልቻሉም። በስልክ ይገናኙ ነበር፤ ግን ሁለቱም ስልክ ሲይዙ ደህና ነኝ ከማለት ሌላ ነገር አይመጣላቸውም። በኋላ ስፌቱ ተፈታ፤ ሐኪሙም መንገዱ የማያንገላታዎት ከሆነ ቤትዎ መግባት ይችላሉ አላቸው። በማግስቱ ጠዋት አቶ ይመር ኮታቸውን ለብሰው፣ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አድርገው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ሉባባ ምን ላምጣልዎት ብትላቸው ምንም አሉ።

«ዛሬ ራቴን ከከድጃ ጋር ልብላ» አሉ። «ሌላ የምፈልገው የለም።»

የፈለጉት ይህን ብቻ ነው።

ከደሴ ኮምቦልቻ ለመድረስ ታዲያ የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ግድ ነው። ሐረጎ ጠመዝማዛ ነው፤ በአንዱ በኩል ተራራ፣ በሌላው በኩል ገደል። አቶ ይመር ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቀው መሄድ አይችሉም፤ ኮንትራት መኪና እንያዝ ሲሏቸው ደግሞ ሐረጎን ከማላውቀው ሹፌር ጋር አልወርድም ብለዋል። በዚህ ነገር የሚያምኑት አንድ ሰው ነው፤ የሉባባ ባል ሙክታር። ሙክታር የጂኦግራፊ መምህር ነው። ከአባቱ የወረሳት አንዲት አሮጌ ሰማያዊ መኪና አለችው።

ሙክታር መንገዱ ለአማቱ እንዲለሰልስላቸው ብሎ ዋዜማውን መኪናዋን ራሱ ፈታትቷት ነበር። ካንዴላዎቹን ቀየረ። የአየር ማጣሪያውን ቀየረ። ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለውን ካርቡሬተር ከሞተሩ ላይ አውርዶ በቤንዚንና በጥርስ ብሩሽ አጠበና መልሶ አሰረው። ሲጨርስ አንድም ብሎን አልተረፈውም፤ በዚህ ደስ ብሎት ተኛ። ጠዋት ሲያስነሳት ግን ሞተሩ ጮኸ። እግሩን ከነዳጁ ላይ አንስቷል፤ ሞተሩ ግን ዳገት እንደያዘ የጭነት መኪና ይጮሃል። መኪና ቆሞ ሳለ ሞተሩ ቀስ ብሎ የሚዞረውን ዙር መካኒኮች ሚኒሞ ይሉታል። የሰማያዊዋ መኪና ሚኒሞ ወደ ላይ ወጥቶ አልመለስ አለ። ማርሽ ሲያስገባላት ነዳጅ ሳይሰጣት ትንደረደራለች። እንዲህ ሆና ሐረጎን ብትወርድ ፍሬን ላይ ቆሞ መውረድ ይሆናል፤ ፍሬን ደግሞ ሲግል ይከዳል።

አቶ ይመር ከበረንዳው ሆነው ምን ሆና ነው ብለው ጠየቁ። ሙክታር እያየኋት ነው አለ።

ሞተሩ አልረጋ አለ፤ ሞተሩ ስላልረጋ መኪናዋ ሐረጎን አልወርድ አለች። አቶ ይመር በረንዳ ላይ፣ ራታቸው ኮምቦልቻ።

ሙክታር ኮፈኑን ከፈተ። መጀመሪያ የጠረጠረው የሚኒሞውን ብሎን ነው፤ ሳጥበው አጥብቄው ይሆናል አለ። በካቻቢቴ ፈታው፣ ፈታው፣ እስከ መጨረሻው ፈታው። ሞተሩ እንደጮኸ ነው። ቀጥሎ ከነዳጅ መስጫው የሚመጣውን ገመድ ጠረጠረ፤ ተወጥሮ ይሆናል አለ። ነካ አደረገው፣ ላላ ያለ ነው። ጭራሹን ነቀለው፤ ሞተሩ እንደጮኸ ነው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠጋ። ከጩኸቱ ሥር ሌላ ቀጭን ድምፅ አለ፤ ጎማ ሲተነፍስ የሚሰማው ዓይነት ፉጨት።

ፉጨቱ ከየት እንደሚመጣ በጆሮ መለየት አቃተው። ስለዚህ የላስቲክ ውሃ ጠርሙስ ክዳን በምስማር በሳና ውሃውን በየቦታው ያንጠባጥብ ጀመር። በአንዱ ቱቦ ላይ አንጠባጠበ፤ ምንም የለም። በሌላው ላይ አንጠባጠበ፤ ምንም የለም። ካርቡሬተሩ ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ሥር ላይ ሲያንጠባጥብ ግን ውሃው ወደ ውስጥ ተመጠጠ፤ ሞተሩም እንደመታነቅ ብሎ ድምፁን ቀነሰ። ውሃው ሲያልቅ መልሶ ጮኸ። እንደገና ሞከረው፤ አሁንም ያው ሆነ። በዚያ ሥር አየር እየሾለከ ይገባል ማለት ነው። ሞተሩ ከሚገባው በላይ አየር እየሳበ ነው የሚጮኸው።

አየሩ አልታገድ አለ፤ አየሩ ስላልታገደ ሞተሩ አልረጋ አለ፤ ሞተሩ ስላልረጋ መኪናዋ ሐረጎን አልወርድ አለች። አቶ ይመር በረንዳ ላይ፣ ራታቸው ኮምቦልቻ።

ሙክታር ሞተሩን አጥፍቶ እስኪበርድ ጠበቀ፤ ካርቡሬተሩንም ዳግመኛ አወረደው። በካርቡሬተሩና በሞተሩ መሃል አየር እንዳያስገባ የሚነጠፍ ስስ ነገር አለ፤ ጓርኒሲዮን ይሉታል። ዋዜማውን ተጣብቆ እምቢ ሲለው በቢላዋ ነበር ያላቀቀው፤ ያን ጊዜ አንዱ ጥግ ተቀድዷል። መቀደዱን አይቷል። ትንሽ ናት፣ ሲጠብቅ ትደፈናለች ብሎ መልሶ ገጥሞታል። አሁን ቀዳዳው ሰፍቶ ጣት ያሳልፋል።

ወደ በረንዳው ሄዶ ለአቶ ይመር እውነቱን ነገራቸው። ያበላሸኋት እኔው ነኝ፣ ባልነካት ኖሮ ይሄኔ ቤትዎ ነበሩ አላቸው። አቶ ይመር ጋቢያቸውን ጭናቸው ላይ አስተካከሉና ቀና ብለው አዩት።

«እኔን እንዳታንገላታ ብለህ አይደል የነካካሃት?» አሉት። «ቀኑ ገና ነው። ሥራህን ሥራ።»

ሙክታር የጫማ ካርቶን በመቀስ ቆርጦ በተቀደደው ፋንታ አነጠፈ። ካርቶኑ ቤንዚን ጠጣና ሟሸሸ፤ ፉጨቱም ተመለሰ።

ቀዳዳው አልደፈን አለ፤ ቀዳዳው ስላልተደፈነ አየሩ አልታገድ አለ፤ አየሩ ስላልታገደ ሞተሩ አልረጋ አለ፤ ሞተሩ ስላልረጋ መኪናዋ ሐረጎን አልወርድ አለች። አቶ ይመር በረንዳ ላይ፣ ራታቸው ኮምቦልቻ።

የዚያች መኪና ዕቃ በከተማው ውስጥ በየቦታው አይገኝም። እንዲህ ያለ የድሮ መለዋወጫ የሚሸጠው አራዳ ያለ አንድ ሱቅ ነው፤ ንጉሤና አሰግድ የሚባሉ ወንድማማቾች ከአባታቸው የወረሱት። ሙክታር የተቀደደውን ጓርኒሲዮን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሄደ። ሱቁ ዝግ ነው። በሩ ላይ ሁለት ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ታላቅየው ንጉሤ ከሱቁ ፊት ለፊት ሻይ ቤት በር ላይ ተቀምጦ የራሱን ሱቅ ያያል።

ሙክታር ሰላም ብሎት የያዘውን ፈትቶ አሳየው። ንጉሤ አገላብጦ አየና ሱቁ ውስጥ አለ አለው። ግን የላይኛው ቁልፍ የእኔ ነው፣ የታችኛው የወንድሜ ነው፤ እኔ የእኔን ብከፍት በሩ አይከፈትም አለው።

ሱቁ አልከፈት አለ፤ ሱቁ ስላልተከፈተ ጓርኒሲዮኑ አልወጣ አለ፤ ጓርኒሲዮኑ ስላልወጣ ቀዳዳው አልደፈን አለ፤ ቀዳዳው ስላልተደፈነ አየሩ አልታገድ አለ፤ አየሩ ስላልታገደ ሞተሩ አልረጋ አለ፤ ሞተሩ ስላልረጋ መኪናዋ ሐረጎን አልወርድ አለች። አቶ ይመር በረንዳ ላይ፣ ራታቸው ኮምቦልቻ።

ታዲያ ሄደህ ወንድምህን ለምን አትጠራውም አለው ሙክታር። ንጉሤ ሻዩን አማሰለ። ነገሩ እንዲህ ነው። የአሰግድ ሚስት የስንዱ አባት ሞቱ። ንጉሤ ያን ሰሞን ዕቃ ሊገዛ አዲስ አበባ ወርዶ ነበር። ማንም አልነገረውም፤ እያንዳንዱ ሌላው ይነግረዋል ብሎ ተወው። ሲመለስ ቀብሩ አልፏል፣ ሣልስቱም አልፏል፣ ድንኳኑም ፈርሷል። ያኔውኑ ለቅሶ መድረስ ነበረበት፤ ግን መጀመሪያ አልነገሩኝም ብሎ ተናደደ፤ ንዴቱ ሲበርድለት ደግሞ ቀኑ ስለሄደ አፈረ። እሱ ሲያመነታ አሰግድ መጥቶ በሱቁ በር ላይ የራሱን ቁልፍ ሰቀለ። ንጉሤም ከላዩ የራሱን ጨመረበት። ከዚያ ወዲህ ሱቁ አልተከፈተም፤ ደንበኛ ይመጣል፣ ሁለቱን ቁልፍ አይቶ ይመለሳል።

«ቀድሜ አልሄድም» አለ ንጉሤ። «ሳይነግሩኝ ቀብረው አሁን ምን ብዬ ነው የምሄደው?»

ንጉሤ ቀድሜ አልሄድም አለ፤ ንጉሤ ስላልሄደ ሱቁ አልከፈት አለ፤ ሱቁ ስላልተከፈተ ጓርኒሲዮኑ አልወጣ አለ፤ ጓርኒሲዮኑ ስላልወጣ ቀዳዳው አልደፈን አለ፤ ቀዳዳው ስላልተደፈነ አየሩ አልታገድ አለ፤ አየሩ ስላልታገደ ሞተሩ አልረጋ አለ፤ ሞተሩ ስላልረጋ መኪናዋ ሐረጎን አልወርድ አለች። አቶ ይመር በረንዳ ላይ፣ ራታቸው ኮምቦልቻ።

ሙክታር የአሰግድን ቤት ጠይቆ ወደ ሆጤ ሄደ። እኩለ ቀን አልፏል። ሉባባ ደውላ አባባ ምሳ አልበላም አሉ፣ ለራቱ ነው የምጠብቀው ይላሉ አለችው። እየመጣሁ ነው በያቸው ብሎ ስልኩን ዘጋ።

አሰግድ በር ከፈተለት፣ አስገባው፣ አስቀመጠው። የመጣበትን ሲሰማ ግን ፊቱ ተለወጠ። ወንድሜ ልኮህ ነው አለው። ሙክታር ማንም አልላከኝም፣ የመኪና ዕቃ ፈልጌ ነው አለ። አሰግድ ቁልፉ ያለው እዚህ ነው ብሎ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የራሱን ኮት አሳየው። ወንድሜ መጥቶ ሚስቴ ፊት ተቀምጦ ሐዘኗን እስካልተካፈለ ድረስ ከዚያ ኪስ አይወጣም፤ የእሷ አባት ውሻ አይደለም አለው።

አሰግድ ቁልፉን አልሰጥም አለ፤ አሰግድ ስላልሰጠ ንጉሤ ቀድሜ አልሄድም አለ፤ ንጉሤ ስላልሄደ ሱቁ አልከፈት አለ፤ ሱቁ ስላልተከፈተ ጓርኒሲዮኑ አልወጣ አለ፤ ጓርኒሲዮኑ ስላልወጣ ቀዳዳው አልደፈን አለ፤ ቀዳዳው ስላልተደፈነ አየሩ አልታገድ አለ፤ አየሩ ስላልታገደ ሞተሩ አልረጋ አለ፤ ሞተሩ ስላልረጋ መኪናዋ ሐረጎን አልወርድ አለች። አቶ ይመር በረንዳ ላይ፣ ራታቸው ኮምቦልቻ።

ሙክታር በጋዜጣ የጠቀለለውን ዕቃ አነሳ። ሊነሳ ሲል አሰግድ ለመሆኑ ለምን እንዲህ ቸኮልክ አለው፤ መኪና ዛሬ ባይሠራ ነገ ይሠራል። ሙክታርም ደክሞት ስለነበር ሳያስጌጥ ነገረው። አማቴ ታመው ከርመው ዛሬ ራታቸውን ቤታቸው ከሚስታቸው ጋር ልብላ ብለዋል፤ እኔ ደግሞ ላግዝ ብዬ መኪናዋን አበላሸሁባቸው አለ።

ጓዳ ሆና ትሰማ የነበረችው ስንዱ ወጣች። ጥቁር ለብሳለች። አሰግድን አላየችውም፤ ሙክታርን ነው የጠየቀችው።

«አሁን የት ናቸው?»

«በረንዳ ላይ። ከጠዋት ጀምሮ ኮታቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል።»

ስንዱ ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው ኮት ዞረች።

«አባቴም ሆስፒታል ሳለ ቤቴ ውሰዱኝ ብሎ ነበር» አለች። «ነገ አልነው።»

ከዚያ ሄዳ ከኮቱ ኪስ ቁልፉን አወጣች። አሰግድ ተነሥቶ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ቁልፉን የያዝኩት ለአንቺ ብዬ ነው እኮ አላት። ስንዱ ነጠላዋን እያጣፋች መለሰችለት።

«እኔ ያዝልኝ አላልኩህም። ተቀየምኩም አላልኩህም። አንድ ቀን እንኳ ጠይቀኸኛል?»

እሷና ሙክታር ወጡ። ጥቂት እንደሄዱ ሙክታር ዞር ሲል አሰግድ ኮቱን ሳይለብስ ከኋላቸው ይመጣል።

ንጉሤ እዚያው ሻይ ቤት በር ላይ ነበር። ጥቁር የለበሰችውን ሴት ከሩቅ ሲያያት ብድግ አለ፤ የሻይ ብርጭቆው ከእጁ ወጥቶ ወለሉ ላይ ተሰበረ፣ አላነሳውም። መንገዱን ተሻግሮ ፊቷ ቆመ።

«እግዜር ያጥናሽ፣ ስንዱ» አላት። «ሲሞቱ አልሰማሁም። ከሰማሁ በኋላ ደግሞ አንቺን ማየት ፈራሁ።»

ስንዱ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«መጣህ፤ በቃ» አለችው። «አሁን ክፈት፣ ሰው እየጠበቀ ነው።»

እሷ የታችኛውን ከፈተች፣ ንጉሤ የላይኛውን ከፈተ። በሩ ሲገፋ አቧራ ወጣ። ንጉሤ ገብቶ በመደርደሪያው ላይ ይፈልግ ጀመር። ሳጥን ያወርዳል፣ ሳጥን ይመልሳል፤ እዚህ ነበር እያለ ያጉረመርማል። አሰግድ ደጁ ላይ ቆሞ ብዙ አየው።

«እዚያ አይደለም» አለ በመጨረሻ። «ከጀርባህ ነው፣ ከቀበቶዎቹ ጋር።»

ንጉሤ ዞር ብሎ አነሳው። ዕቃውን ለሙክታር ሰጠውና መጥረጊያ ፈልጎ ለአሰግድ አቀበለው፤ አሰግድም ተቀብሎ መጥረግ ጀመረ። ሙክታር አመስግኖ፣ ስንዱንም አላህ ሰብሩን ይስጥሽ ብሎ እየሮጠ ሄደ።

ሙክታር አዲሱን ጓርኒሲዮን አነጠፈ፣ ካርቡሬተሩን መልሶ አሰረ፣ ገመዱን አገናኘ፣ አስነሳ። ሞተሩ ተነሣና ወዲያው ጠፋ። እንደገና አስነሳ፤ እንደገና ጠፋ። አሁን ደግሞ ምን አጠፋሁ አለ። ኋላ ትዝ አለው፤ ጠዋት እስከ መጨረሻው የፈታው የሚኒሞ ብሎን አለ። በካቻቢቴ ቀስ እያለ መለሰው፤ ሞተሩ ተነሣ፣ ሳል ሳል አለና ረጋ። ድምፁ በረንዳው ድረስ አይሰማም ነበር፤ አቶ ይመር አሁን ደግሞ ጭራሽ ሞተች እንዴ ብለው ጠየቁ። ሉባባ ሳቀች፤ በዚያ ቀን ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው።

እንግዲህ ስንዱ ቁልፉን አነሳች፤ ስንዱ ስትመጣ ንጉሤ ተነሣ፤ ንጉሤ ሲነሣ ሱቁ ተከፈተ፤ ሱቁ ሲከፈት ጓርኒሲዮኑ ወጣ፤ ጓርኒሲዮኑ ሲወጣ ቀዳዳው ተደፈነ፤ ቀዳዳው ሲደፈን አየሩ ታገደ፤ አየሩ ሲታገድ ሞተሩ ረጋ፤ ሞተሩ ሲረጋ መኪናዋ ሐረጎን ወረደች፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ቀስ ብላ። አቶ ይመር አንድ እጃቸውን ስፌቱ በነበረበት ላይ አድርገው ገደሉን ያያሉ። ሙክታር በየመጠምዘዣው አመመዎት ይላቸዋል፣ እሳቸው አላመመኝም ይላሉ።

ኮምቦልቻ ሲገቡ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ወይዘሮ ከድጃ ጠዋት ይመጣሉ ተብለው፣ ቀትር ሲያልፍ ዛሬም ቀሩ ብለው ተስፋ ቆርጠው ነበር። ወጡን ለብቻቸው አውጥተው ሊቀመጡ ሲሉ በሩ ተከፈተና ቀና አሉ። አቶ ይመር ደፉ ላይ ቆመዋል፤ ከስተዋል፣ ኮቱ ሰፍቷቸዋል። ወይዘሮ ከድጃ የያዙትን ጭልፋ እንደያዙ ቆዩ።

«መኪና ሲቆም እኮ አልሰማሁም» አሉ።

«በላሽ?» አሉ አቶ ይመር።

«ገና ነኝ።»

አቶ ይመር ጫማቸውን አውልቀው፣ እጃቸውን ታጥበው ከገበታው አጠገብ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ወይዘሮ ከድጃ ስለ ሆዳቸው አልጠየቋቸውም፤ እሳቸውም ስለ ጉልበታቸው አልጠየቋቸውም። አቶ ይመር አንድ ጉርሻ ጎርሰው ጨው አንሶታል አሉ። ወይዘሮ ከድጃ አላነሰውም፣ አፍዎ የሆስፒታል ምግብ ለምዶ ነው አሏቸው፤ ግን ተነሥተው ጨው አመጡላቸው።

እነሱም በሉ፤ እኔም አበቃሁ።